የሪቾ ሁለተኛ ምስክር

በፌብሩዋሪ ሁለተኛው እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ፣ የሚስቴ እህት በኮሎራዶዋ ኦሮራ ከተማ ባለው ኩሽናችን ውስጥ ቆማ «ሪቾ» የሚል ቃል ተናገረች።

እኔ የሽሮ ዱቄት የምናስቀምጥበትን የፕላስቲክ ዕቃ አዘንብዬ ግርጌውን በማንኪያ እየጠረግኩ ነበር። ሚስቴ ምድጃው ጋ ናት። እህቷ ከኋላዬ መጥታ እጄን ያዘችው።

«ኧረ ጋሼ! ሪቾውን አትንካ!»

«ምኑን?»

«ሪቾውን ነዋ። ከሥር የሚቀረውን። ጠርጎ መጨረስ ጥሩ አይደለም።»

«ይሄን ቃል የት አገኘሽው?»

«ሥራ ቦታ። ሁሉም ይለዋል።» ወደ ሚስቴ ዞረች። «ባልሽ ሠላሳ ዓመት ጋዜጠኛ ነበርኩ ይላል፣ ሪቾ አያውቅም።»

ማንኪያውን አስቀምጬ ከኪሴ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

«ይኸው ጀመረው» አለች ሚስቴ። «ሽሮውን ታቀብለኛለህ ወይስ ቃለ መጠይቅ ላይ ነህ?»

ሽሮውን አቀበልኳት። ቃሉን ግን አውቀዋለሁ። ከሳምንት በፊት በገዛ እጄ በኮምፒውተር ተይቤዋለሁ። ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው፦ አማርኛ በሚናገር ሰው አፍ ውስጥ መገኘት አልነበረበትም።

ቃሉ የጎረቤቴ ነው። እኛ ሁለተኛ ፎቅ እንኖራለን፤ እሳቸው ከእኛ ሥር ባለው አፓርትመንት ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ደቡብ ቡታን የተወለዱ የኔፓልኛ ተናጋሪ ናቸው። በወጣትነታቸው የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ከአገር ከተባረሩ በኋላ በስደተኞች ካምፕ ብዙ ዓመት አስተማሩ፤ ከዚያ ወደዚህ መጡ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። እኔ «መምህር» እላቸዋለሁ። እሳቸው «ባይ» ይሉኛል፤ በቋንቋቸው ታናሽ ወንድም ማለት ነው። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ከጥቁር ሰሌዳ የተቀዳ ስለሆነ ቀስ ብለን እንናገራለን፣ በደንብም እንግባባለን።

የተዋወቅነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ የሕንፃው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኑ እስኪጨርስ ድረስ በጫማ ካርቶን ውስጥ ትንንሽ ካርዶች ይደረድሩ ነበር። ምን እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። መልሱ ማሽኑ ካቆመ በኋላም አላለቀም።

መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። «ይሄ በኔፓልኛ ሃት ነው። ሂንዲም ጉጅራትኛም እዚያው አካባቢ ናቸው። በፑንጃብኛ ግን መጨረሻው ይጠብቃል፤ ምላስህን ጥርስህ ላይ አስደግፈህ ትቆያለህ። ለምን ይመስልሃል?»

መልሱን ራሳቸው ሰጡኝ።

«የሁሉም እናት አንድ ስለሆነች። ሳንስክሪት የመጻሕፍቱና የካህናቱ ነው። ገበያ የሚወጣው፣ በሬ የሚነዳው፣ ከጎረቤቱ የሚጣላው ሰው የሚናገረው ፕራክሪት ነበር። እናቲቱ ታጠብቅ ነበር። ፑንጃብኛ እንዳጠበቀ ቀረ፤ ሌሎቹ አላልተውታል።»

ማጥበቅና ማላላት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔም በተራዬ እጄን ዘርግቼ በግዕዝ እድ፣ በትግርኛ ኢድ፣ በአማርኛ እጅ እንደሚባል ነገርኳቸው። ወዲያው ካርድ አውጥተው አስጻፉኝ።

«ከሥራዎ ጋር ግንኙነት የለውም እኮ» አልኳቸው።

«ካርቶኑ ቦታ አለው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መውረድ ጀመርኩ። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ደብዳቤያቸውን አነብላቸዋለሁ፣ ካርዶቻቸውን እተይብላቸዋለሁ። ሥራው ውጭ አገር ላሉ ጥቂት ምሁራን ነው። እነሱ አንድ የቆየ የቃላት ምንጭ መዝገብ አላቸው፤ በዚያ ላይ ማሟያ ያዘጋጃሉ፤ መምህሩ ደግሞ የመንደራቸውን ቃላት ይልኩላቸዋል። በጥንት ጽሑፍ የተገኘ ቃል ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። በጽሑፍ ካልተገኘ የዛሬዎቹን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ የእናቲቱ ቃል ምን መምሰል እንደነበረበት ወደ ኋላ ሄደው ይሠሩታል። እንዲህ ለተሠራ ቃል ከፊቱ ኮከብ ይደረግለታል።

«ኮከብ ማለት» አሉ መምህሩ፣ «ማንም አላየውም፣ ግን ነበረ ማለት ነው።»

«እኔ ስሠራባቸው በኖርኩባቸው ቦታዎች ማንም ያላየው ነገር አይታተምም።»

«ምስክር ከሌለው እዚህም አይታተምም። ቢያንስ ሁለት ቋንቋ መመስከር አለበት። የአንድ ቋንቋ ቃል ብቻውን ከሆነ ማን ያውቃል፣ አንድ ሰው ትናንት የፈጠረው ሊሆን ይችላል።»

ይህ ሕግ የኔም ሕግ ነው። ከሳቸው ጋር ያቆየኝ እሱ ይመስለኛል።

ሪቾ የእናታቸው ቃል ነው። ከእህል ዕቃ ግርጌ ሆን ተብሎ የሚተው እፍኝ ማለት ነው። ሩዝም ይሁን በቆሎ፣ ዕቃው ባዶውን አያድርም። እናታቸው ቤታቸውን ትተው በወጡበት ጠዋት ከጋኑ ለመንገድ የሚሆን ሩዝ ቀድተው ሪቾውን እዚያው ተዉት። መምህሩ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩኝ፣ ካርዱን ስተይብ፣ ምሳሌ የሚለው መስመር ላይ ምን ልጻፍ ብዬ ስጠይቃቸው። እንዲጻፍ ግን አልፈለጉም። «ምሳሌውን ስለ በቆሎ አድርገው» አሉኝ።

በዓመታት ውስጥ ከላኳቸው ቃላት ብዙዎቹ ተቀባይነት አግኝተዋል። ይህ አንዱ ግን ምስክር አጥቶ ቆመ። አዘጋጆቹ ማሟያውን በማርች መጨረሻ እንደሚዘጉ ጻፉ፤ ሌላ ማሟያ እንደማይኖርም ጨመሩ። መምህሩ ደብዳቤውን ሁለቴ አስነበቡኝ።

በጃንዋሪ መጨረሻ ምስክሩ ተገኘ። ኮሜርስ ሲቲ ከሚገኙት መጋዘኖች በአንዱ የምትሠራው ልጃቸው አንድ ፑንጃባዊ የሥራ ባልደረባዋን ሻይ ጋብዛ ይዛው መጣች፤ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ነጂ ነው። መምህሩ «እናንተ ሪቾ ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁት። «እንዴታ፣ እንላለን እንጂ» አለ። ካርዱ በዚያው ምሽት ተጻፈ፤ በቅዳሜው እኔ ተየብኩት። ኔፓልኛ፣ ፑንጃብኛ፣ ከላይ ባለ ኮከቡ የጥንት ቅርጽ። መምህሩ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ሻይ አፈሉልኝ።

አማርኛ ግን የፕራክሪት ልጅ አይደለም። ስለዚህ የሚስቴ እህት እሑድ ዕለት ቃሉን ስትናገር የገባኝ ነገር ቢኖር ቃሉ እየተዘዋወረ መሆኑ ነው። የሚዘዋወር ቃል ደግሞ የተነሣበት ቦታ አለው።

«የምትሠሪበት መጋዘን የት ነው ያልሽኝ?» አልኳት ምሳ ላይ።

«ኮሜርስ ሲቲ። ሁለት ወር ሆነኝ እኮ፣ ጋሼ፤ ዜና ላይ ካልወጣ አትሰማም ማለት ነው?»

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት፣ የጠዋቱ ሺፍት ሲወጣ፣ ደረስኩ። መኪናዬን አቁሜ ወደ በሩ ስሄድ የሚስቴ እህት ቢጫ ሰደርያዋን ሳታወልቅ ወጣች።

«ፓርክ ያደረግከው የሱፐርቫይዘሩ ቦታ ላይ ነው።»

«ወዲያው እሄዳለሁ።»

«እሱም ወዲያው ነው የሚመጣው። አንቀሳቅሰው።»

አንቀሳቀስኩት። ከዚያ ሠራተኞቹ ሲጋራ የሚያጨሱበት ጠረጴዛ ጋ ቆምን። የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ከማን ሰማኸው? የሚስቴ እህት ከአንዲት ሜክሲኮአዊት አሻጊ ሰምታዋለች። አሻጊዋ ጥያቄዬ አስቋት ሪቾ ምን እንደሆነ ልታስረዳኝ ጀመረች። ሥራ ሲያልቅ ሱፐርቫይዘሩ ሰዎችን ቀድሞ ወደ ቤት ይልካል፤ ሰዓታቸው ይቀነሳል። ስለዚህ ካርቶኑ የሚደረደርበትን የእንጨት ርብራብ፣ ፓሌቱን፣ ባዶ አያደርጉትም፤ አንድ ካርቶን ትተው ሺፍቱ እስኪያልቅ ይዞሩበታል። እሱ ነው ሪቾ። እሷ ከማን ሰማችው? ከፎርክሊፍት ነጂው። ፎርክሊፍት ነጂውን ጠበቅኩት፤ ወፍራም፣ ደስተኛ ሰው ነው፤ መምህሩ ቤት ስለጠጣው ሻይ አመሰገነኝ፣ ሻዩ የኔ ይመስል።

«አገርህ ፑንጃብ እያለህ ትሉት ነበር?» አልኩት።

«አገር ቤት?» አሰበ። «አይ። እዚህ ነው የምንለው።»

«መምህሩ ሲጠይቁህ እንላለን አልካቸው።»

«እንላለን እኮ። በየቀኑ።»

«ከማን ሰማኸው?»

በአገጩ ወደ በሩ ጠቆመ። የመምህሩ ልጅ የምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ እየወጣች ነበር።

አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ናት፤ ንግግሯ ቁጥብ ነው። ነገሩን በቅደም ተከተል ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው?» አለች።

«በመጀመሪያ ከማን እንደሰሙ ሁሉም የሚያመለክቱት ወዳንቺ ነው።»

«እኔ እኮ ከልጅነቴ የምለው ነው፣ ስለው አይታወቀኝም። እነሱም ሲሉት ስሰማ የሁሉም ሰው ቃል መሰለኝ። ፑንጃባዊው ሲለውማ ደስ ብሎኝ አባቴ ጋ ወሰድኩት።» ከዚያ «አትንገረው» አለችኝ።

«ካርዱ ከተላከ ይታተማል።»

«ይታተም።»

«ስህተት ሆኖ ይታተማል። ከታተመ በኋላ አንድ ሰው ይደርስበታል። ያን ጊዜ ይህ ካርድ ብቻ ሳይሆን ከሳቸው የሄደው ሁሉ ይጠረጠራል።»

የሚስቴ እህት አሁንም አጠገባችን ነበረች። በአማርኛ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሽሮ ነው ያልኩህ» አለችኝ፤ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል።

ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ወደ መምህሩ ወረድኩ። መጥፎ ዜና ስነግር የቆየ ልማድ አለኝ፤ መጀመሪያ የማውቀውን፣ ቀጥሎ እንዴት እንዳወቅኩት፣ ከዚያ ዝም። እንዲሁ አደረግኩ። ሦስት ተናጋሪ፣ ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ምንጭ። ምንጩ ልጅዎ ናት።

መምህሩ ሻያቸውን አስቀመጡ።

«አማርኛም?» አሉ።

«አማርኛም።»

«ስፓኒሽም?»

«ስፓኒሽም።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «ባይ፣ እናቴ እኮ እስክንባረር ድረስ ከመንደራችን ወጥታ አታውቅም» አሉ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። የፑንጃቡን ካርድ ከካርቶኑ አውጥተው ለረጅም ጊዜ ያዙት።

«በፑንጃብኛ ቢሆን ጠብቆ ነበር የሚመጣው። እሱ ግን እንደኛ አላልቶ ነው ያለው። ሰምቼዋለሁ። ጆሮዬ ነው የደከመው አልኩ ለራሴ።»

«እኔም ስተይብ ከማን እንደሰማው አልጠየቅኩም። ፑንጃባዊ ነው ሲባል ሌላ ቋንቋ ነው ብዬ አለፍኩት።»

«አንተ እዚያ አልነበርክም። እኔ ነኝ ቃሉን በአፉ ያጎረስኩት። ተማሪን መልሱን ነግሮ መጠየቅ! አርባ ዓመት አስተምሬ።»

በካርዱ ላይ ረጅም መስመር አሰመሩ። አልቀደዱትም። አዲስ ካርድ አውጥተው በትልልቅ ፊደል ጻፉ፤ አንብበው አሰሙኝም። ሪቾ፤ ሥራ እንዳያልቅ በፓሌት ላይ የሚተው ካርቶን፤ ኮሜርስ ሲቲ፤ ተናጋሪዎች ፑንጃባዊ፣ ሜክሲኮአዊት፣ ኢትዮጵያዊት፤ ምንጭ የኔ ልጅ። ይህን ካርድ ለማንም አልላኩትም። እጅ፣ ኢድና እድ ከተጻፉበት ካርድ አጠገብ አስገቡት።

ምሽት ላይ ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ተገናኘን። «ምን አለ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሳቁ» አልኳት። አላመነችኝም፤ ገብታ አየች።

ማሟያው ሊዘጋ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። አሠራራችንን ለወጥን። ቃሉን ለማንም አንናገርም አልኳቸው፤ ነገሩን እናሳይ፣ ስሙን እነሱ ይንገሩን። መምህሩ ወዲያው ተቀበሉ። ከኩሽናቸው ክዳን ያለው የመስታወት ማሰሮ አምጥተው ሩዝ ሞሉበት። ማሰሮውን ይዘን ሰው ፊት እንቆማለን፤ መምህሩ ሩዙን ወደ ሳህን ይገለብጣሉ፤ እፍኝ ሲቀር ያቆማሉ፤ በጣታቸው ጠቁመው «ይሄ በእናትህ ቋንቋ ምን ይባላል?» ይላሉ። እኔ እጽፋለሁ። መልስ ከተገኘ ሁለተኛው ጥያቄ የኔ ነው፦ ከማን ሰሙት?

ቅዳሜና ሰዎች ከሥራ በሚመለሱበት ሰዓት ዞርን። ሃቫና መንገድ ላይ ያለ የቅመማ ቅመም ሱቅ ባለቤት፣ ቤንጋሊ ነው፣ ማሰሮውን ሲያይ ክንዱን አጣመረ።

«ሩዙን ልትመልሱት ነው? ደረሰኝ ይዛችኋል?»

«ስሙን ልንጠይቅህ ነው» አሉ መምህሩ።

«ሩዝ ነው» አለ ሰውየው።

ግሌንዴል አንድ አፓርትመንት ውስጥ ከላሆር የመጡ እናት አሳዩን ብለው ሦስት ጊዜ አስገለበጡን። ከዚያ «ባርካት» አሉ። እኔ ሳላስበው «በረከት!» አልኩ በአማርኛ። ሴትዮዋም «ባርካት፣ ባርካት» እያሉ እጄን ያዙኝ። መምህሩ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ በዓረብኛ በኩል የገባ ነው» አሉኝ መኪና ውስጥ። «የናንተ ዘመድ ነው እንጂ የኛ አይደለም። አንተ ቃል አገኘህ፣ እኔ አላገኘሁም።»

«ካርድ ልስጥዎት?»

«ስጠኝ እንጂ።»

ባርካት ብዙ ጊዜ ተደገመ። የሂንዲ ተናጋሪዎች «የተረፈ» የሚል ቃል ብቻ ሰጡን። አንድ የማራቲ ተናጋሪ ሐኪም ረጅም ማብራሪያ ከሰጠ በኋላ ስም እንደሌለው ነገረን። በማርች ሁለተኛው ሳምንት በደብተሬ ውስጥ ሃያ ሦስት ሰው ተመዝግቦ ነበር። መምህሩ አልከፋቸውም። ከቤት መውጣቱ ተስማምቷቸዋል፤ ልጃቸው ጉንጫቸው መቅላቱን ነገረችኝ። ብቻ አንድ ቀን፣ ፒዮሪያ መንገድ ላይ የትራፊክ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ ማሰሮውን ጉልበታቸው ላይ እንዳቀፉ «ካልተገኘም በእኔና በልጄ ዘንድ አለ» አሉ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ነዳሁ።

በማርች ሦስተኛው ቅዳሜ ኮልፋክስ መንገድ ላይ ወዳለ ሞቴል ሄድን። ባለቤቶቹ ከጉጅራት የመጡ ቤተሰብ ናቸው፤ ምራቲቱን ጋዜጠኛ ሳለሁ አንድ ጊዜ አነጋግሬያት ነበር። አማቷ ከሰማንያ በላይ ናቸው፤ ከጉጅራትኛ ሌላ ቋንቋ አይናገሩም፤ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ባለው ክፍል ቴሌቪዥን ያያሉ። ምራቲቱ አስተረጎመችልን። መምህሩ ወንበር ተሰጣቸውና ሩዙን መገልበጥ ጀመሩ። እጃቸው ደክሞ ነበር መሰለኝ ማሰሮውን ከወትሮው በላይ አዘነበሉት።

አሮጊቷ ከአልጋቸው ጫፍ ተነሥተው የመምህሩን አንጓ ያዙ። የሚናገሩት ቁጣ ነው። ምራቲቱ ሳቀች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው፣ ሪቹውን ሊደፋው ነው እኮ፣ ነው ያለችው።»

መምህሩ ማሰሮውን ቀጥ አድርገው ያዙት። እኔን አዩኝ። ሁለተኛው ጥያቄ የኔ ነበር።

«ሪቹ ምን እንደሆነ ንገሩን በያቸው።»

ትርጉሙ ትንሽ ይለያል። ለሳቸው ሪቹ የዱቄት ቆርቆሮ ግርጌ ላይ የሚተው ነው፤ እንግዳ ግርጌውን እንዳያይ። ከማን ሰሙት? ከአማታቸው፤ አማታቸው ከየት እንደሰሙ አይታወቅም። አንቺስ? አልኳት ምራቲቱን። ከተማ ነው ያደግኩት፣ ከሳቸው ነው የሰማሁት፣ አለች። እዚህ የሚሠራ የኔፓል ወይም የቡታን ሰው አለ?

ምራቲቱ አሰበች። «አንዲት አለች። ክፍል ታጸዳለች።»

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ልናገኛት እንችላለን?»

ሴትዮዋ ከላይ ሁለተኛ ፎቅ አንሶላ እየቀየረች ነበር። ማሰሮውን እኔ ያዝኩ፤ መምህሩ ደረጃ አልወጡም። ኔፓላዊት ናት፣ ምሥራቁ ደጋ የተወለደች። ሩዙን ገልብጬ እፍኙን አሳየኋት። አንድ ሌላ ቃል ነገረችኝ። አሁን ማጣራት ስለነበረብኝ ሕጋችንን ጥሼ ሪቾ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ምግብ ነው? አለችኝ። ሞቴሉ ውስጥ ከገባች ስንት ጊዜ ሆናት? ካለፈው በጋ ወዲህ። ከአሮጊቷ ጋር ትነጋገራለች? በእጅ ምልክት ብቻ።

ወርጄ ነገርኳቸው። መምህሩ ዓይናቸውን ገለጡ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም። አሮጊቷ አገር ቤት እህት ወይም ጎረቤት አላቸው ወይ፣ አሜሪካ መጥተው የማያውቁ? አንዲት የባላቸው እህት ነበሩ፤ በዚያው አማት ቤት ያደጉ፤ አሁንም መንደር ውስጥ። እዚያ ሌሊት ስለነበር በማግስቱ በእኛ ጠዋት፣ እዚያ ሲመሽ፣ ምራቲቱ በቪዲዮ ደወለች። እኛም ተመልሰን መጥተን ነበር። ማሰሮውን ስልኩ ፊት ያዝነው፤ መምህሩ ገለበጡ፤ እፍኝ ሲቀር አቆሙ። ማንም አልተናገረም። በስክሪኑ ላይ ያሉት ሴት ወደ ካሜራው ተጠግተው አዩ፤ ከዚያ ቃሉን ተናገሩ፤ ቀጥለውም ምራታችን ሩዝ እስከማጣት ደርሳለች ወይ ብለው ጠየቁ።

«አለችው» አሉ መምህሩ በቀስታ።

«ደግመው እንዲሉት ጠይቂልኝ» አልኩ። ደገሙት። ድምፁን በስልኬ ቀዳሁ።

አሮጊቷ ወደ መምህሩ ዞረው የሆነ ነገር አሉ። ምራቲቱ ተረጎመች። «ሰውዬው ርቦት ነው ወይ ትላለች።» ከዚያ እኛ እንቢ ስንል እነሱ ሲያቀርቡ ምሳ በላን። መምህሩ ሦስት ጊዜ አስጨመሩ። ከአሮጊቷ ጋር በምን ቋንቋ እንደተግባቡ በትክክል መጻፍ አልችልም፤ መምህሩ ኔፓልኛ ይናገራሉ፣ አሮጊቷ ጉጅራትኛ ይመልሳሉ፣ እጅ ሲሉ፣ ውኃ ሲሉ፣ ሰባት ሲሉ እየተያዩ ይስቃሉ። ምራቲቱ መተርጎም አቆመች። ሳህን ያነሣነው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው።

ካርዱን ማክሰኞ ማታ ተየብኩት። ፑንጃብኛ የሚለው ወጣ፤ ጉጅራትኛ ገባ። ምስክሮቹ እንዴት እንደተጠየቁ፣ ቃሉ ቀድሞ እንዳልተነገራቸው፣ ሞቴሉ ውስጥ ያለችው ኔፓላዊት ቃሉን እንደማታውቅ በአራት መስመር ጻፍኩ። መምህሩ የመጋዘኑም ታሪክ እንዲጻፍ አዘዙ፤ ቃሉ በቅርቡ በአካባቢያችን ስለተሠራጨ ወደፊት ኮሎራዶ ውስጥ የሚሰበሰብ ምስክርነት በጥንቃቄ ይታይ፣ ብለው አስጻፉኝ። ልጃቸው ከትከሻችን ላይ ሆና አነበበችው። «ሜክሲኮ ሄዶ የሚያጣራ ቢገኝስ?» አለች። አባቷ አፏን በካርድ ነካ አደረጉት።

ላክነው። ማሟያው ሊዘጋ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። መቀበላቸውን የሚገልጽ አጭር መልስ በማግስቱ መጣ፤ ስለ ውሳኔው ምንም አይልም። ኤፕሪልና ሜይ እንደ ወትሮው አለፉ። መምህሩ አንድ ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና አደረጉ፤ ደህና ሆነ። እሑድ እሑድ ወደ ሞቴሉ የማደርሳቸው እኔ ነኝ፤ አሁን ማሰሮ አይዙም።

በጁን የገጾቹ ናሙና በኢሜይል ደረሰ። ኮምፒውተሩን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ፊደሉን አሰፋሁላቸው። መምህሩ በአዲሱ ዓይናቸው ራሳቸው አነበቡት። በግራው ዓምድ፣ ከላይ አራተኛው ላይ፣ ኮከብ ያለበት የጥንት ቅርጽ አለ፤ ቀጥሎ ትርጉሙ፣ «ከዕቃ ግርጌ ሆን ተብሎ የሚተው ጥቂት እህል»፤ ከሥሩ ኔፓልኛ ሪቾ፣ ጉጅራትኛ ሪቹ።